ለሰው አልባ ጀልባ የሽቦ አልባ ሴንሰር አሠራር፦ ከድሬዳዋ ጠረጴዛ እስከ ሐረማያ ሐይቅ

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ ወይም በሐረር ለሚሠራ፣ ከአራት እስከ ስድስት አባላት ላሉት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቡድን ነው። የሚሠሩት ሦስት የሴንሰር ሳጥኖችና ዳር ላይ የሚቆም አንድ ተቀባይ ናቸው። ሳጥኖቹ ሰው ሳይሳፈርባት በምትሄድ ትንሽ ጀልባ ላይ ተጭነው የሐረማያ ሐይቅን የውሃ ሙቀትና ድፍርስነት፣ ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር እየለኩ ይልካሉ።

ሥራው በአራት ደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎ በባልዲ፣ ከዚያ በበርሜል፣ በመጨረሻ በሐይቁ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ። ሐይቅ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲመጣ ጥፋቱ የመለኪያው ይሁን የባትሪው፣ የሬዲዮው ይሁን የሳጥኑ መለየት አይቻልም። ባልዲ ላይ ግን በአሥር ደቂቃ ይለያል።

1. ንድፉ

የመጀመሪያው ሳጥን ከጀልባዋ ፊት ይሆናል። ሁለት የሙቀት መለኪያ (አንዱ 20 ሴንቲሜትር፣ ሌላው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ) እና አንድ የድፍርስነት መለኪያ ይይዛል። ሁለተኛው ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ የሞተሩን ባትሪ ቮልቴጅና ወደ ጀልባዋ የገባ ውሃ መኖሩን ይከታተላል። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ይወጣል። ጂፒኤስና የማስታወሻ ካርድ ይኖሩታል፤ የሁለቱን ሳጥኖች ቁጥር ሰብስቦ ወደ ዳር የሚልከውም እሱ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል በማትሞላ ጀልባ ላይ ሽቦ መዘርጋት እየተቻለ ሽቦ አልባ ማድረግ ለምን አስፈለገ? በሁለት ምክንያት። ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ የሚገባበት በር ነው። ከሞተር አጠገብ የሚያልፍ ረጅም ሽቦ ደግሞ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ ለቅሞ ወደ መለኪያው ያደርሳል።

በሳጥኖቹ መካከል ያለው ግንኙነት በኢኤስፒ-ናው (ኢኤስፒ32 የተባሉት ቦርዶች በቀጥታ መልእክት የሚለዋወጡበት ዘዴ) ይሁን። አንድ መልእክት እስከ 250 ባይት ይይዛል፣ ራውተርም አይፈልግም። ሁሉም ሳጥኖች አንድ የዋይፋይ ቻናል ላይ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ መልእክቱ አይደርስም። ከጀልባዋ ወደ ዳር የሚሄደው በሎራ (በትንሽ ኃይል ሩቅ በሚደርስ ሬዲዮ) ነው።

የጀልባዋን መሪ የሚያዘው ሬዲዮ ከዚህ ሁሉ ውጭ ለብቻው ይሁን። የመለኪያው ፕሮግራም ተቆልፎ ቢቆም ጀልባዋ መታዘዝ መቻል አለባት። ለ2 ሰከንድ ትእዛዝ ካልደረሳት ደግሞ ሞተሯ በራሱ ይጥፋ።

2. ዕቃ

ሦስት ሳጥንና አንድ ተቀባይ ስለሆኑ አራት ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ያስፈልጋል፤ አንድ መለዋወጫ ጨምሩ። ሁለት የሎራ ሞጁል በኤስኤክስ1278 ቺፕ፣ 433 ሜጋኸርዝ፤ ሦስት ዲኤስ18ቢ20 ብረት ለበስ የሙቀት መለኪያ፤ አንድ የድፍርስነት መለኪያ፤ አንድ ኒኦ-6ኤም ጂፒኤስ፤ አንድ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማንበቢያ፤ አራት 18650 ሊቲየም ባትሪ ከነመያዣውና ከነመከላከያ ሰርኪዩቱ፤ ሦስት አይፒ65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ) የኤሌክትሪክ ሳጥን፤ ስምንት ፒጂ7 የሽቦ ማሳለፊያ። የመበየጃ ካውያ፣ ቴስተር፣ ፒንሳና ናስትሮ ቤተ ሙከራው ውስጥ አይጠፉም። ድግግሞሹንና የመላኪያ ኃይሉን ሞጁል ከመግዛታችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አረጋግጡ።

ሳጥን፣ ሽቦ፣ ማሳለፊያና ቱቦ ከድሬዳዋ የኤሌክትሪክና የሕንፃ ዕቃ ሱቆች ይገኛል። እዚያው ድሬዳዋ ባለው ታይዋን ገበያ ባትሪና ቻርጀር ስትገዙ ጽሑፉን ትታችሁ ክብደቱን እዩ። እውነተኛ 18650 ከ45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 9900 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲመዘን ግን 30 ግራም የሆነ ባትሪ ባዶ ቦታ የበዛበት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ የባትሪ ሕዋስ (አንድ ነጠላ ባትሪ) ብትጠቀሙ ሙሉ ከሞላችሁት በኋላ አንድ ሳምንት አስቀምጡና ለኩት፤ ከ4.1 ቮልት በታች የወረደውን ጣሉት።

3. ጠረጴዛ ላይ

መጀመሪያ አንድ ቦርድና አንድ ዲኤስ18ቢ20 ብቻ። በመረጃው ሽቦና በ3.3 ቮልት መካከል 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ ያለሱ ንባብ አይኖርም። ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ሽቦ ላይ ስታገናኙ እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ቁጥሩን አንብባችሁ መለኪያው ላይ በናስትሮ ለጥፉ። «የመጀመሪያው» እና «ሁለተኛው» እያላችሁ ብቻ ብትጽፉ፣ አንዱ ሲበላሽና ሲቀየር ጥልቁና ላዩ ይገላበጣሉ።

ሁለት የውሸት ቁጥሮችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ ይጣል። 85.00 መለኪያው ኃይል አግኝቶ ገና ምንም ሳይለካ የሚሰጠው መነሻ ቁጥር ነው። በ12 ቢት ለመለካት 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ ቀድማችሁ ከጠየቃችሁት 85 ይመልሳል፤ ኃይል እየተቋረጠበትም ከሆነ እንዲሁ። −127 ደግሞ መለኪያው ጨርሶ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሽቦውን ፈትሹ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሳይጣሉ አማካይ ውስጥ ከገቡ የሐይቁ ካርታ ላይ ያልነበረ ትኩስ ወይም በረዶ ቦታ ይታያል።

ቀጥሎ ድፍርስነት። ርካሹ መለኪያ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሚሠራው ዓይነት ነው፤ በ5 ቮልት ይሠራል፣ ውጤቱም እስከ 4.5 ቮልት ይደርሳል። ኢኤስፒ32 ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም፤ ከ2.4 ቮልት በላይም ንባቡ መጣመም ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት እኩል 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ተጠቅማችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ 4.5 ቮልቱ 2.25 ይሆናል። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከመግቢያው ወደ ግራውንድ ጨምሩ። መግቢያው ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች አንዱ ይሁን። ሌሎቹ አናሎግ ፒኖች ዋይፋይ ሲበራ አይነበቡም፤ ኢኤስፒ-ናው ደግሞ የሚሠራው በዋይፋዩ ክፍል ነው። ጠረጴዛ ላይ ሬዲዮው ሳይበራ የሠራ ሰርኪዩት ጀልባ ላይ ዝም የሚልበት ዋናው ሰበብ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ሎራውን ጨምሩ። ኃይሉ 3.3 ቮልት ብቻ፤ አንቴና ሳይገጠም አይላክ፣ የመላኪያው ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

4. ባልዲ፦ ቁጥሩን ማመን የሚጀመርበት

ለሙቀት የበረዶ ውሃ ተጠቀሙ። የተፈጨ በረዶ በቴርሞስ ሞልታችሁ ውሃ ጨምሩበት፣ አማስሉት፣ መለኪያውን አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ያሳየውን ልዩነት በመለያ ቁጥሩ መዝግቡና ፕሮግራሙ ይቀንስለት። ዲኤስ18ቢ20 የሚፈቀድለት ስሕተት ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካሳየ አስመሳይ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። የፈላ ውሃን ግን 100 ዲግሪ ብላችሁ ማስተካከያ አታድርጉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 2,000 ሜትር ላይ ያለችው ሐረማያ ዘንድ 93 አካባቢ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የመለኪያውን ፍጥነት ለኩ። ከበረዶው አውጥታችሁ ባልዲ ውስጥ ክተቱትና ከልዩነቱ ሁለት ሦስተኛውን ለመሸፈን ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የምትሄድ ጀልባ የምትመዘግበው ሙቀት አሥር ሜትር ወደኋላ የቀረ ነው። ጀልባዋን በግማሽ ሜትር በሰከንድ ንዱ።

ለድፍርስነት ማስተካከያ የሚሆን፣ ድፍርስነቱ አስቀድሞ የታወቀ መደበኛ ፈሳሽ መግዛት ውድ ነው። ከዚያ ይልቅ የራሳችሁን መስፈሪያ ሥሩ፤ ከሐይቁ ዳር ደለል አምጡ፣ አድርቁት፣ ፍጩት፣ በጥሩ ወንፊት ንፉት። በ10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 1 ግራም ብትጨምሩ በሊትር 100 ሚሊግራም ይሆናል። ከዜሮ ጀምራችሁ የደለሉ ጠቅላላ መጠን ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ግራም እየሆነ ይሂድ፤ በእያንዳንዱ ላይ አማስላችሁ 20 ንባብ ውሰዱና መካከለኛውን ያዙ። ሚዛኑ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ካልሆነ ለግማሽ ግራም አይታመንም። ውሃው እየደፈረሰ ሲሄድ ቮልቴጁ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ውጤታችሁን ስትጽፉ «በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም የሐረማያ ደለል» በሉ፤ በሌላ ዓለም አቀፍ መለኪያ ስም አትጥሩት፣ በዚያ አልተለካምና። የፀሐይ ብርሃን ንባቡን ስለሚያዛባ መለኪያውን ውሃ በሚያሳልፍ ጥቁር ቱቦ ከልሉት። ላይኛው ጫፉ ውሃ አይችልም፤ እሱን በኤፖክሲ ሙሉት።

5. ኃይል

ሒሳቡ ይህ ነው። የፊተኛው ሳጥን ሳያቋርጥ ቢሠራ ከሕዋሱ 140 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል፤ 80ው ለቦርዱ፣ ቀሪው ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ለድፍርስነት መለኪያው ለማቅረብ። ትክክለኛ 2500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ካለው ሕዋስ 70 በመቶውን ብቻ ብትቆጥሩ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል። የሐይቅ ሥራ ከስድስት ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ የእንቅልፍ ፕሮግራም አትጻፉ፣ የፀሐይ ሰሌዳም አትጫኑ። ብዙ ቡድን የሚደክመው እነዚህ ላይ ነው። የሚተኛ ሳጥን ሲነቃ ሰዓቱና ተራ ቁጥሩ ሊጠፋበት ይችላል፤ አንድ ቀን ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ሁሉ ትርፍ የሌለው ድካም ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ቦርዶቹ ላይ የተለመደው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር 3.3 ለመስጠት ከላይ 1 ቮልት ያህል ትርፍ ይፈልጋል። ሕዋሱ 4.2 ላይ እያለ እንኳ በጭንቅ ነው የሚሠራው፤ 3.8 ሲደርስ ሬዲዮው በላከ ቁጥር ቦርዱ ይወድቅና እንደገና ይነሣል። ሕዋሱን ወደ 5 ቮልት በሚያሳድግ ሞጁል አልፎ ወደ ቦርዱ የ5 ቮልት መግቢያ እንዲገባ አድርጉ፤ ለድፍርስነት መለኪያውም ያው 5 ቮልት ያገለግላል። ከቦርዱ አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። የሞተሩ ባትሪ ለብቻው ይሁን። ብሩሽ ያለው ሞተር ከሆነ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንድ፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት አንድ አንድ፣ በድምሩ ሦስት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በዩበት።

6. ማሸግ

ይህ ክፍል ከሬዲዮውም ከፕሮግራሙም በላይ ጊዜ ይገባዋል።

ሽቦ ማሳለፊያዎቹን በሳጥኑ ጎን አድርጉ፤ ክዳን ላይ አትብሱ። ፒጂ7 ከ3 እስከ 6.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ክብ ሽቦ ነው የሚይዘው፤ ጠፍጣፋ ወይም ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ብታስገቡ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ውሃ በሽቦው ፕላስቲክ ውስጥ፣ በቀጫጭኑ የመዳብ ክሮች መካከልም ይሄዳል። ጫፉ የተጎዳ መለኪያ ሳጥኑን ከውስጥ በኩል የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው። መፍትሔው ሳጥኑ ውስጥ ሽቦውን ሁለት ሴንቲሜትር ልጣችሁ፣ ክሮቹን በመበየጃ እርሳስ አጥግባችሁ፣ ቦታውን በኤፖክሲ መድፈን ነው። ሲሊኮን ስትገዙ አሽቱት፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው መዳብ ስለሚበላ ሰርኪዩት አጠገብ አይደርስም።

አሁን ወደ አገራችን የመሬት አቀማመጥ። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት የተዘጋ ሳጥን የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ሐረማያ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት ስለቀነሰ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ በትንሿ ክፍተት ይወጣል። ከዚያ 20 ዲግሪ ውሃ ላይ ሲቀመጥ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱ 4 ኪሎፓስካል ገደማ ይወርዳል። ይህ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሚያደርሰው ግፊት ጋር እኩል ነው። ሳጥኑ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እያለ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ የጠለቀ ያህል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል ማለት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድም ጠብታ ያላስገባ ሳጥን ሐይቅ ላይ እርጥብ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሳጥኖቹን ክፍት አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ሐይቁ ዳር በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር፣ ጥላ ሥር፣ አዲስ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምራችሁ ዝጓቸው። ከዘጋችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ አታቆዩአቸው።

ለኋለኛው ሳጥን የውሃ መጠቆሚያ ቀላል ነው፤ የተላጡ ሁለት ሽቦዎችን በ5 ሚሊሜትር ርቀት ከጀልባዋ ወለል ላይ አሳርፉ፣ አንዱን ወደ ግራውንድ፣ ሌላውን ወደ ፒኑ፣ ፒኑንም በ100 ኪሎኦም ወደ 3.3 ቮልት። ውሃ ሲነካቸው ፒኑ ይወርዳል።

7. ሬዲዮው ከውሃ ላይ

2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ ውስጥ አይሄድም። ስለዚህ የሦስቱም ሳጥኖች አንቴና ከውሃው መስመር በላይ ይሁን፤ የብረት ሳጥንም አትጠቀሙ።

ለ433 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ አንቴና 17.3 ሴንቲሜትር ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የዳሩም እንዲሁ። ትልቁ ጉዳይ ግን ከፍታ ነው። ከውሃው ገጽ የሚያንጸባርቀው ሞገድ በቀጥታ የሚመጣውን ያጠፋዋል። ጀልባዋ ላይ 1 ሜትር፣ ዳር ላይ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ካለ፣ ገና ከ14 ሜትር ርቀት በኋላ ሲግናሉ በሜዳ ከሚወርደው በእጅጉ ፈጥኖ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ የአንዱን አንቴና ከፍታ እጥፍ ማድረግ 6 ዴሲቤል ሲያስገኝ የመላኪያውን ኃይል እጥፍ ማድረግ የሚያስገኘው 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት የዳሩን አንቴና 5 ሜትር የቀርከሃ ወይም የቱቦ ምሰሶ ላይ ስቀሉት። የጀልባዋን ምሰሶ ግን ከ1 ሜትር አታሳልፉት፤ ጀልባዋ ትገለበጣለች።

የሚላከው መልእክት 25 ባይት ይበቃዋል፦ ተራ ቁጥር 2፣ ሰዓት 4፣ ኬክሮስ 4፣ ኬንትሮስ 4፣ ሁለት ሙቀት 4፣ ድፍርስነት 2፣ የአራት ባትሪዎች ቮልቴጅ 4፣ የውሃ መጠቆሚያ 1። ሙቀቱን በ100፣ ቦታውን በ10 ሚሊዮን አባዝታችሁ በሙሉ ቁጥር ላኩ። ይህ መልእክት በ125 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ ስርጭት (ሎራ መልእክቱን በጊዜ የሚዘረጋበት ደረጃ፤ ከፍ ሲል ርቀቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል) 7 ላይ 62 ሚሊሰከንድ፣ 9 ላይ 206 ሚሊሰከንድ፣ 12 ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። በ9 ጀምሩ፣ በየ5 ሰከንዱ ላኩ። ወደ 12 መዝለል የሚያጓጓ ቢሆንም ባትሪውንም አየሩንም ያለ ጥቅም ይይዛል።

ተራ ቁጥሩን አትናቁት። 340 ደርሶ ቀጥሎ 344 ከመጣ ሦስት መልእክት ጠፍቷል፤ ያለሱ ጀልባዋ ቆማ ይሁን ሬዲዮው ጠፍቶ አታውቁም። የጠፋው እንዳይቀር ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን እያንዳንዱን መስመር ካርዱ ላይም ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ፋይሉን አስቀምጡ፣ ኃይል ድንገት ቢቋረጥ የሚጠፋው አንድ መስመር ብቻ እንዲሆን።

ሰዓት ከጂፒኤስ የሚመጣው በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ፋይሉ ላይ 06:00 ይጻፋል። ፋይሉን እንዳለ ተዉት፤ የእጅ ማስታወሻችሁ ላይ ግን የትኛውን ሰዓት እንደምትጽፉ ቡድኑ ከወዲሁ ይስማማ።

የርቀት ሙከራ ድሬዳዋ ውስጥ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ረጅምና ግልጽ መስመር አለ። አሸዋ ውሃን አይተካም፣ ግን የከፍታን ልዩነት በደንብ ያሳያል። በበጋ ብቻ፣ ደጋው ላይ ደመና በሌለበት ቀን ይሁን። በ1998 ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው በዚሁ ወንዝ ነው። ዝናቡ ከተማው ላይ ሳይጥል ውሃው ይደርሳል። በመጨረሻው ርቀት የሲግናሉ ጥንካሬ ከ−110 ዲቢኤም የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ካልሆነ አንቴናውን ከፍ አድርጉ።

8. በርሜል

ሳጥኖቹን ባዶ፣ ውስጣቸው ሶፍት ወረቀት አስቀምጣችሁ፣ ውሃ በሞላ በርሜል ሥር ድንጋይ ጭናችሁ አሳድሩ። ውሃው ላይ በረዶ ጨምሩበት፤ ቅዝቃዜው ከላይ ያልነውን መሳብ ያመጣል። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ሰርኪዩቱ ይገባል። ቀጥሎ ሙሉው ሥርዓት ሞተሩ እየዞረ ሦስት ሰዓት ይሥራ። ሞተሩ ሲበራና ሲጠፋ የሙቀትና የድፍርስነት ቁጥር አብሮ ከዘለለ ወደ ክፍል 5 ተመለሱ።

ለጀልባዋ አካል 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ሁለት፣ እያንዳንዱ 1.2 ሜትር ይበቃል። ሁለቱ ግማሽ ሲጠልቁ 11 ኪሎግራም ይሸከማሉ፤ የራሳቸውን ክብደት ቀንሱ።

9. ሐይቁ ላይ

ሐረማያ ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ ውሃ የመለሰ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ከወቅት ወቅት ይሸሻል፣ ጭቃውም ሰው ይውጣል። ጀልባዋ ብትቆም ለማምጣት ወደ ውሃው አትግቡ። ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች 100 ሜትር ቀጭን ገመድ አስራችሁ ልቀቋት፤ ከዚያ በኋላ የአካባቢውን ባለጀልባ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የጫት ማሳ የሚያጠጡ ፓምፖች ቱቦ ዳር ዳሩን ስለሚዘረጋ ለመነሻ ቦታ ገበሬዎቹን ጠይቁ፤ የት ጥልቅ እንደሆነም ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሥሩ፤ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ አየር አረፋ ያመጣና ድፍርስነቱን ያሳስታል። የድፍርስነት መለኪያው ከፊት በኩል 20 ሴንቲሜትር ጠልቆ፣ ከፕሮፔለሩ ርቆ ይሁን። ከመልቀቃችሁ በፊት ጂፒኤሱ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ፣ ከዳር ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ በዚያው መለኪያ አንድ ጊዜ፣ በእጅ ቴርሞሜትር አንድ ጊዜ ለኩ። ስትመልሷትም ይህንኑ ድገሙ። በመለኪያውና በቴርሞሜትሩ መካከል ያለው ልዩነት ከጠዋቱ እስከ መጨረሻው ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለወጠ የቀኑን ካርታ አታውጡ፤ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። ባንድ መስመር ሄዳችሁ በዚያው መስመር ተመለሱ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ መለኪያው ዘግይቷል ወይም ጭቃ ይዟል።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ

ካርዱን መጀመሪያ ቅዱ፣ በሁለት ቦታ። መለኪያዎቹን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ የድፍርስነቱን መስኮት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የደረቀ ደለል በኋላ ተፍቆ ሲነሣ ፕላስቲኩን ይጭረዋል። ሳጥኖቹን ከፍታችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፣ የጎማ ማሸጊያቸውን ከአሸዋ አጽዱ። ሕዋሶቹን አውጥታችሁ 3.8 ቮልት አካባቢ አድርሳችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በሚያገኘው የቤተ ሙከራ መስኮት ሥር ሙሉ ተሞልቶ የከረመ ሕዋስ ለቀጣዩ ጉዞ አይደርስም።